የጉደታ ዋቅጅራ ሠላሳ አራት ልጆች

ስልኩ የተደወለው ከሰበታ ወደ አየር ጤና ስንወጣ፣ ፉሪ ጋ ነው። እኔ በሩ ላይ ተንጠልጥያለሁ፣ ተሳፋሪው እንደ ልማዱ ይነጫነጭብኛል። ቁጥሩን አላውቀውም። አንድ ወፍራም ድምፅ፣ "የኦቦ ጉደታ ልጅ ነህ?" አለኝ።

ሌላ ቀን ቢሆን "ተሳስተሃል" ብዬ እዘጋው ነበር። "ማን ልበል?" አልኩት።

"ሱሉልታ የእድሩ ጸሐፊ ነኝ። ኦቦ ጉደታ አርፈዋል። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ስልክህን የብረት ቁም ሳጥናቸው በር ላይ በጠመኔ ተጽፎ ነው ያገኘነው።"

"ወራጅ አለ" አልኩት ሹፌሩን። ዞር ብሎ "የታለ?" አለኝ። "እኔ ነኝ" አልኩና ወረድኩ።

ወረቀት ለሚያምን ሰው ኦቦ ጉደታ አባቴ ናቸው። መታወቂያዬ ላይ አሉ፣ የስምንተኛ ክፍል ካርዴ ላይ አሉ። ዮናስ ጉደታ ዋቅጅራ። አባቴ ግን አልነበሩም። መጀመሪያ ያየኋቸው ቀንም ልደበድባቸው ነበር የሄድኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያሳደገችኝ እማዬ ናት፤ ሰበታ፣ ጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ስትሠራ የኖረች፣ ባል የላት፣ ሌላ ልጅ የላት። አባቴን ስጠይቃት "ሹፌር ነበር፣ መንገድ ላይ ቀረ" ትለኛለች። ጉደታ ደግሞ በኛ አካባቢ ድንጋይ ብትወረውር የሚመታው ስም ነው። አልተጠራጠርኩም። ዘጠነኛ ክፍል ላይ ደብተሬን ጥዬ ታክሲ ላይ ወጣሁ። ስለኔ ይሄ ይበቃል።

ሀናን ያገኘኋት ለጥቂት ወር አሸዋ ሜዳ መስመር ስሠራ ነው። የቡራዩ ልጅ ናት። ሁለት ሰው የተቀመጠበት ላይ ሦስተኛ ልደርብባት ስል "እዚህ ጋ ያለው ወንበር ነው ወይስ ተስፋ?" አለችኝ። ታክሲው በሙሉ ሳቀብኝ። ሀና ጉደታ ትባላለች። "ዘመዴ ነሻ!" እያልኩ እቀልድባት ነበር። በኋላ በዛ ቀልድ ስንቴ ምላሴን እንደነከስኩ እግዜር ይወቀው።

ሽማግሌ ላክሁ። የሀና አባት ጋሽ ታደሰ አናጢ ናቸው። ሀናን ሱሉልታ ከነበረ የሕፃናት ማሳደጊያ ወስደው እንዳሳደጓት አልደበቋትም፤ ስሟን ለማስቀየር ፍርድ ቤት መመላለስ ስላለ ወረቀቱ ላይ ያለውን ትተውላታል። እንግዲህ ዘር ይቆጠራል፣ ሰባት ቤት። "ልጁ የማን ልጅ ነው?" አሉ ጋሽ ታደሰ። የጉደታ ነው ተባሉ። ጉደታ ማን? ጉደታ ዋቅጅራ።

ሽማግሌዎቹ እንደነገሩኝ ጋሽ ታደሰ ብድግ ብለው ጓዳ ገቡ። የሀናን የልደት ወረቀት ይዘው ወጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። ከነአያቱ፣ ከነሱሉልታው፣ ያው ስም።

"ወንድሟን ልትድሩላት ነው የመጣችሁት?" አሉ።

ያንኑ ቀን ከሰዓት እማዬን ያዝኳት። ከዛው ማሳደጊያ ነው ያመጣችኝ። "በሽማግሌ ፊት ጡቴን ነክሰሃል፤ ከዛ በኋላ ሌላ ወሬ የለም" አለችኝ። ወጉ እንደዛ ነው፤ ልጁ ጡት ከነከሰ "አልወለድሽውም" የሚል አፍ ይዘጋል። ጥሩ ወግ ነው፣ አልሰድበውም። እኔ ግን የማስበው ሀናን ነበር። አብረን ዓመት ከመንፈቅ ሆኖናል። የቀረውን ራሳችሁ አስቡት። ደወልኩላት። አነሳች፤ ስትተነፍስ ብቻ ይሰማኛል።

በማግስቱ ሱሉልታ ወጣሁ። በኔ ቤት ጉደታ የሚባል ሰውዬ ሁለት ልጅ ወልዶ፣ ሁለቱንም ጥሎ፣ ስሙን ብቻ እንደ ፍራሽ ያነጠፈልን ነው።

ማሳደጊያው ተዘግቷል፤ ግቢው ውስጥ ዶሮ ይረባል። "ጉደታን? መዝገብ ቤቱን?" ብለው ቤት አሳዩኝ። ረጅም ካፖርት የለበሱ ቀጭን ሰውዬ የጭድ ክምር እየሸፈኑ አገኘሁ።

"አባቴ አንተ ነህ?" አልኩ። አንቱታውን ሆን ብዬ ነው የጣልኩት።

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። "ባለጉዳይ ነህ?" አሉኝ። "ግባ። በሩ አጭር ነው፣ ጎንበስ በል።"

ሳሎኑ ውስጥ ሶፋ በሚገባበት ቦታ የብረት ቁም ሳጥን ተገትሯል። ማሳደጊያው ሲዘጋ ፋይሉን መጥተን እንወስዳለን ያሉ ሰዎች ሳይመጡ ቀሩ፣ ዶሮ አርቢው ደጅ ሊያወጣው ሲል እሳቸው በአህያ ጋሪ ጭነው ቤታቸው አስገቡት። እጃቸውን በሳሙና ታጠቡ። በመሐረብ አደረቁ። ካፖርታቸውን እስከ አንገት ቆለፉ፣ ከዛ የመጀመሪያውን ቁልፍ መልሰው ፈትተው ማተባቸውን ሳቡ። የቁም ሳጥኑ ቁልፍ ከመስቀሉ ጋር ታስሯል።

ስሜን ጠየቁኝ። ነገርኳቸው፤ መዝገብ ላይ ጻፉት። ብዕራቸው ትንሽ እንኳ አልቆመም።

"ላኪ" አሉ፤ አይደለም ማለታቸው ነው። "አባትህ አይደለሁም። ቅጹን የሞላሁ ነኝ።"

ቅጹ ከላይ የመጣ ነው። የአባት ስም የሚል ሳጥን አለው። እናቱ ብቻዋን ላመጣችው ልጅ አባት ከየት ይምጣ? ባዶ ትተው ይልኩታል፣ "ያልተሟላ" የሚል ማህተም ተመትቶበት ይመለሳል። ቅጽ ከሌለ ካርድ የለም፤ ካርድ ከሌለ ሕክምና የለም። የአንዲት ሕፃን ቅጽ ሦስት ጊዜ ተመላለሰ። "ሦስተኛው ሲመለስ የሚታከም ሰው አልነበረም" አሉኝ፣ ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው። ከዛ ወዲህ ባዶ ሳጥን ባዩ ቁጥር የራሳቸውን ስም ከነአባታቸው ጻፉበት።

"የሌላ ሰው ስም ብጽፍ ስርቆት ነው" አሉ። "የኔን ብጽፍ ውሸት ብቻ ነው። ቅጽ ባዶ አይወድም። ሠላሳ አራት ናችሁ።"

ቡጢዬ የት እንደሄደ አላውቅም። ብድግ አልኩ። "ታዲያ እኔና ሀና እህትና ወንድም አይደለንማ!"

"እሱን አላልኩም።" ብዕሩን አስቀመጡ። "በአባት በኩል ያለው ውሸት የኔ ነው። በእናት በኩል ግን አንዲት ሴት ሁለት ጊዜ መጥታለች። በሦስት ዓመት ልዩነት፣ ሁለት ልጅ።"

ሀናን በሦስት ዓመት እበልጣታለሁ።

ክፈተው አልኩ። ፋይሉ እዚህ ነው፣ ቁልፉ አንገትህ ላይ ነው፣ ክፈተው። አይሆንም አሉ። ሴቶቹን ጣታቸውን ሲያስፈርሙ፣ አንድ ቀን ልጁ ጠይቆ ቢመጣ መጀመሪያ አንቺን ጠይቄ ነው ብለዋቸዋል። ሳይጠይቁ አያሳዩም። እኔም ያለ የሌለ ምላሴን አወረድኩባቸው። ሐኪም ቤት በሄድኩ ቁጥር ከቤተሰብ የስኳር፣ የደም ግፊት ያለበት አለ ወይ ይሉኛል፤ የማንን ልንገራቸው? አሁን ደግሞ የምወዳት ልጅ እህቴ ትሁን አትሁን አንድ የዛገ ሳጥን ያውቃል፣ እኔ አላውቅም። ወረቀቱ የኔ ነው አልኩ።

"ፋይሉ ያንተ ነው" አሉ። "ስሙ የእሷ ነው።" ማተባቸውን ከነቁልፉ መልሰው ከካፖርታቸው ሥር ከተቱ። "ወረቀት አይቸኩልም፣ የሚቸኩል ሰው ነው። ቅዳሜ ና።"

እስከ ቅዳሜ አራት ቀን ነበር። እንዴት እንዳለፈ አልነግራችሁም። ሀና ስለ ዲኤንኤ ምርመራ ጠይቃ ነበር፤ ዋጋው ለኛ ዓይነቱ የሚሆን አይደለም። በዛው ሳምንት ሱሉልታ ውስጥ ስለ ሰውየው ያልሰማሁት የለም። ሚስታቸው አንድ ጊዜ የትምህርት ቤት ውጤት የተለጠፈበት ሰሌዳ ላይ ሦስት ‹ጉደታ ዋቅጅራ› አንብባ ወንድሟ ቤት ገባች። ሰፈሩ "መዝገብ ቤቱ መዝግቦ አይጠግብም" እያለ ይስቅባቸዋል። እሳቸው በየእሁዱ ይሄዱና ወንድሟ ደጃፍ ላይ ይቀመጣሉ። የባለጉዳይ ምሥጢር ነው ብለው አንድ ቃል አልተነፈሱላትም። በዓመቷ ራሷ ደከማትና ተመለሰች። አልወለዱም። እኔ ሳውቃቸው እሷ ሞታለች።

ቅዳሜ ስሄድ በትራቸውን ይዘው ደጅ ቆመው ጠበቁኝ። መናኸሪያ አድርሰኝ አሉ። ስንደርስ አንድ ግድግዳ አሳዩኝ።

"ወዴት እንደምሄድ ማየት የለብህም። ፊትህን ወደዛ አዙር።"

"ኦቦ ጉደታ፣ እኔ እኮ ረዳት ነኝ። መስመሩን በድምፁ አውቀዋለሁ።"

"ጆሮህንም ያዝ።"

አንቱ ማለት የጀመርኩት በዛ ቀን ነው፤ ለምን እንደሆነ ራሴን አልጠየቅኩም። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፣ ጠራራ ፀሐይ ነው፣ ግድግዳ ላይ ተለጥፌ ጆሮዬን ይዤ ቆምኩ። የማውቃቸው ረዳቶች እስካሁን ሲያዩኝ ጆሯቸውን ይይዛሉ።

በሳምንቱ እሁድ ቡራዩ ጋሽ ታደሰ ቤት መጡ። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠዋል፣ ሀና ጥግ ላይ ናት፣ እኔ በሩ ጋ። ካፖርታቸው እስከ አንገት ተቆልፏል። በፌስታል የተጠቀለሉ ሁለት ፖስታዎች ጭናቸው ላይ አስቀመጡና ሳይቀባቡ ተናገሩ፤ ሰነድ አበላሽቻለሁ፣ ልጆቹ የኔ አይደሉም፣ ልክሰስህ የሚል ቢኖር ስሜና ቤቴ ይታወቃል አሉ።

ጋሽ ታደሰ ቀና ብለው አዩዋቸው። "በወረቀት የዋሸ ሰው በአፉ እንዳይዋሽ ምን ይከለክለዋል?"

"ምንም" አሉ ኦቦ ጉደታ። "ለዛ ነው አፌን ይዤ ያልመጣሁት።"

ፖስታዎቹን ከፈቱ። ሁለት ቅጽ ጎን ለጎን ዘረጉ፣ ስሞቹ ያሉበትን የላይኛውን ግማሽ በባርኔጣቸው ሸፈኑት፤ የሚታየው የታችኛው ጥግ ብቻ ነው። ሁለት ሐምራዊ አሻራ፣ ሁለቱም የግራ አውራ ጣት። የኔ ቅጽ ላይ ያለው ከዳር እስከ ዳር ነጭ መስመር ይሰነጥቀዋል። ማጭድ የበላው ጣት ነው። የሀና ቅጽ ላይ ያለው ምንም የለውም፣ ክብ፣ ትንሽ፣ የልጅ ጣት የሚመስል።

"የሱ ቅጽ በሦስት ዓመት ይቀድማል" አሉ። "ጠባሳ ደግሞ አይጠፋም። ሁለት ጊዜ የመጣችው ሌላ ሴት ናት።"

ጋሽ ታደሰ መነጽራቸውን አስመጡ። አናጢ ናቸው፣ መስመር ያውቃሉ። አጎንብሰው አዩ፣ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አዙረው አዩ። ቀና ሲሉ ወደ ሀና ነው ያዩት። ሀና እጇን አፏ ላይ አደረገች።

እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት። እኔ ግን ባርኔጣውን አያለሁ። ከሱ ሥር፣ አንድ ስንዝር ርቀት ላይ፣ የእናቴ ስም አለ። እጄ ጠረጴዛው ላይ መውጣቱን እኔ አላየሁም፣ እሳቸው ናቸው ያዩት።

"የሀናን እናት ፈልጌ አጣኋት፤ ቀዬውን ለቃለች" አሉ። "ለጣቷ ኃላፊነቱን እኔ ወስጃለሁ። ያንተዋን ግን አግኝቻታለሁ። ጣቴን ይየው፣ ስሜን ገና ነው አለች። ጉልበቱ አለህ፤ እኔ ሽማግሌ ነኝ። ብታነሳው አልይዝህም።"

እጃቸውንም ከባርኔጣው ላይ አነሱ።

በሕይወቴ ሰው ያልሰጠኝን ነገር ያልነጠቅኩበት ቀን ያ ብቻ ይመስለኛል። እጄን ሳብኩ። ወጥቼ የጋሽ ታደሰን የእንጨት ክምር በእርግጫ ናድኩት፤ ከዛ ተመልሼ ደረደርኩት።

ሲሸኟቸው ጋሽ ታደሰ በሩ ላይ "ከሠላሳ አራቱ አንዱም የርስዎ አይደለም?" አሏቸው።

"በደም አይደሉም" አሉ። "ሌላውን አልተጠየቅኩም።"

ተጋባን። ከዛ በኋላ አራት ዓመት ሙሉ፣ ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ፣ ኦቦ ጉደታ በትራቸውን ይዘው ይሄዱና እናቴን ይጠይቋታል። ሲመለሱ እደውላለሁ። "ምን አለች?" "ገና።" ሌላ ቃል የለም። አንድ ጊዜ ንዴቴ ገንፍሎ፣ ሞታ ብትገላግለን ይሻላል አልኩ። "ባለጉዳይ፣ አፍህን ታጠብ" ብለው ስልኩን ዘጉብኝ፤ ሁለት ወር አላነሱልኝም። ልጄ ብለውኝ አያውቁም። አንድም ቀን። መጀመሪያ ይከነክነኝ ነበር። በኋላ ገባኝ፤ በወረቀት አንዴ ዋሽተዋል፣ በአፋቸው መድገም አልፈለጉም።

እና ባለፈው ሳምንት ከታክሲ ወርጄ ሱሉልታ ደረስኩ። አስከሬኑ ወጥቷል፣ ሰው ደጀ ሰላሙ ላይ ቆሟል፣ የእድሩ ጸሐፊ አንድ ወረቀት ይዞ ላብ በላብ ሆኗል። ወንድም ሞቷል፣ ሚስት ሞታለች። የቤተ ክርስቲያኑ ጽሕፈት ቤት ‹የሟች የቅርብ ዘመድ› የሚለው ሳይሞላ መቃብር አይከፈትም ብሏል። "ባዶ አይቀበሉም እኮ" አለኝ ጸሐፊው፣ የሚያስለቅስ ነገር እንደነገረኝ ሳያውቅ።

ብዕሩን ተቀበልኩት። ዮናስ ጉደታ ዋቅጅራ። ዝምድና በሚለው ላይ ‹ልጅ› ብዬ ጻፍኩ።

የሕይወት ታሪካቸውን ያነበበው ያው ጸሐፊ ነው። ጠዋት የጻፈው ስለሆነ "ልጅ አልነበራ…" ካለ በኋላ ቀና ብሎ አየኝ። ያቺን መስመር ዘሎ ስለ ታማኝነታቸው ቀጠለ። ሲበተን ገናዦቹ ከማተባቸው የፈቱትን ቁልፍ መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። "እንግዲህ ልጅ ነህ፣ ያንተ ነው" አለኝ።

ቁልፉን ሦስት ቀን ኪሴ ውስጥ ይዤ ዞርኩ። ትናንት፣ በሳልስታቸው፣ ከሀና ጋር ቤታቸው ገባን። ሳጥኑን ልከፍት ስል እጄ እርጥብ ነው፤ ለካ ታጥቤያለሁ። ፖስታዬን አወጣሁት። ታሽጓል። ጀርባው ላይ በሳቸው ድርድር ያለ ጽሕፈት አራት መስመር አለ፣ ለየዓመቱ አንድ። ‹ጠየቅሁ። ገና አለች።› ‹ጠየቅሁ። ገና አለች።› ሦስተኛውም ያው። የዘንድሮው ይረዝማል።

‹ጠየቅሁ። ገና አለች። ቁመቱን ጠየቀች። በሬን ጎንበስ ብሎ ነው የሚገባው አልኳት።›

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ከዛ ተሳደብኩ። ማንን እንደሆነ አላውቅም፤ ቅጹን፣ ሳጥኑን፣ ሟቹን። ሳልከፍተው ማን እንደሆነች አላውቅም፣ ልጠይቃት አልችልም። ሳልጠይቃት ደግሞ ልከፍተው አልችልም። ያ ባርኔጣ ሞቶም አልተነሳልኝም።

ሀና አጠገቤ ተቀመጠች። "አንተ አትክፈተው" አለች። "እኔ እከፍተዋለሁ። ሳልነግርህ ሄጄ እጠይቃታለሁ።"

ሄዳ እጇን ታጠበች። እኔ ወጥቼ ጭዱ ክምር ጋ ቆምኩ። ስትጠራኝ ፖስታው ተመልሶ ሳጥኑ ውስጥ ገብቷል፣ ቁልፉ አንገቷ ላይ ነው። ፊቷ ላይ ምንም ላነብ አልቻልኩም፤ እሳቸውን መሰለችኝ። የፋይል ማሰሪያ ክራቸውን ድቡልቡል ይዛለች። "ቀጥ ብለህ ቁም" አለችኝ በሩ ጋ። የአናጢ ልጅ ናት። ክሩን ከተረከዜ እስከ አናቴ ወጥራ ለካች፣ በጥርሷ በጠሰችው፣ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

መናኸሪያ አደረስኳት። ያው ግድግዳ እዛው አለ።

"ፊትህን አዙር" አለችኝ። "ጆሮህንም ያዝ።"

ዞርኩ። ያዝኩ። ከኋላዬ ረዳቶች ይጮኻሉ፤ አንዱ ሳቀ። ጥርሴን ነክሼ ጆሮዬን ጨምቄ ያዝኩት፣ የየትኛውም አገር ስም እንዳይገባ። ስዞር ሦስት ታክሲ ወጥቶ ነበር፣ ሦስቱም በየአቅጣጫው፣ አንዱ ቁመቴን ይዞ።